የወንጀል ጉዳይዎ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሲደርስ፦ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፍርዱ መዝገብዎን የሚከታተሉበት መንገድ

ባሕር ዳር ውስጥ በዐቃቤ ሕግነት በሠራሁባቸው ዓመታት ከባለጉዳዮች ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ቅሬታ አለ። «የእኔ ጠበቃ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ለሌባው ወገነ» የሚል ነው። ዛሬ በጥብቅና ሥራ ላይ ሆኜም ያንኑ ቅሬታ እሰማለሁ። ቅሬታውን አልንቀውም፤ የተዘረፈ ወይም የተደበደበ ሰው መዝገቡ ሲዘጋበት የሚሰማውን መከፋት ፊት ለፊት ተቀምጬ አይቻለሁ። ነገር ግን በአብዛኞቹ ጉዳዮች ዐቃቤ ሕጉ ለማንም አልወገነም። የደረሰው መዝገብ ባዶ ነበር፤ ወይም ባለጉዳዩን በጊዜው «ይህን ጠይቅ፣ ያንን አስጽፍ» ያለው ሰው አልነበረም። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚያ ባለጉዳይ ነው።

ከሁሉ በፊት ስሙን እንረዳው። «ዐቃቤ» የመጣው «ዐቀበ» ከሚለው የግእዝ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጠበቀ ማለት ነው። ጠበቃም ከ«ጠበቀ» የወጣ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ጠባቂዎች ናቸው። ልዩነታቸው ጠበቃ ሰውን ሲጠብቅ ዐቃቤ ሕግ ሕጉን መጠበቁ ነው። የሚቆመው ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ እንጂ ስለ እርስዎ ብቻ አይደለም። ሕጉ ደግሞ የተጠርጣሪውንም መብት ይጨምራል። ይህን ከያዙ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይቀልልዎታል። የምጠቅሳቸው አንቀጾች በዋናነት ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ከ1996ቱ የወንጀል ሕግና ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተወሰዱ ናቸው።

አንደኛ፦ ጉዳይዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይለዩ

ወንጀሎች ሁለት ዓይነት መነሻ አላቸው። አብዛኞቹ ማንም ቢጠቁም፣ ባይጠቁምም ፖሊስ ካወቀ ምርመራ የሚጀመርባቸው ናቸው። ጥቂቶቹ ግን የግል አቤቱታ ካልቀረበ አይንቀሳቀሱም። ምሳሌ ልስጥ። ሁለት ሰዎች ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ዳርቻ ላይ ተጣልተው አንዱ ሌላውን በቡጢ መትቶ ቀላል ጉዳት ቢያደርስ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረት ተጎጂው ራሱ አቤቱታ ማቅረብ አለበት። የተመታው ጉዳት ሊያደርስ በሚችል መሣሪያ ከሆነ፣ ለምሳሌ በጀልባ መቅዘፊያ፣ ጉዳዩ ወደ ንዑስ አንቀጽ 2 ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ አቤቱታ መኖሩ ግዴታ አይሆንም።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለቀኑ ነው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች አቤቱታቸው መቅረብ ያለበት ተጎጂው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ ነው። «እስኪ ሽማግሌ ይየው» እየተባለ አራተኛው ወር ሲገባ የያዝኩት ጭብጥ ሁሉ ከእጄ የወጣበት ጊዜ አለ። ሽምግልናው ይቀጥል፤ አቤቱታው ግን በጊዜው ይግባ።

ብድር መካድና ውል ማፍረስ አብዛኛውን ጊዜ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ዐቃቤ ሕግ ቢመልስዎ አይቀየሙት። ማታለል ነው ብለው የሚያምኑ ከሆነ ገንዘቡን ከእጅዎ ያወጣው ሐሰት ምን እንደነበረ ያሳዩት።

ሁለተኛ፦ ቃልዎን ሲሰጡ አይቸኩሉ

ጥቆማ ለማቅረብ ወንጀሉን በዓይንዎ ማየት አይጠበቅብዎትም። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 11 ለማንኛውም ሰው በሩን ክፍት አድርጎታል። ቃልዎ በጽሑፍ ይሰፍራል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ይነበብልዎታል፣ ከዚያ ይፈርማሉ። ከእነዚህ አራቱ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው መነበቡ ነው። መርማሪው ሰልፍ አለበት፣ እርስዎም ተጨንቀዋል፤ ፈርመው ይወጣሉ። እባክዎ «ይነበብልኝ» ይበሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው፣ እዚያ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ሰዓት ወይም የተሳሳተ ስም ከሰፈረ ከአንድ ዓመት በኋላ ችሎት ፊት በመስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም የተከሳሹ ወገን በሚጠይቅዎት ጊዜ፣ ይመለስብዎታል።

አንድ ዓሣ አጥማጅ አስታውሳለሁ። ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ እጃቸው በውሃና በክር የተላጠ ሰው ነበሩ። መረባቸው ከሐይቁ ዳር ከቆመ ጀልባ ላይ በሌሊት ተሰርቆ ከወር በኋላ በአንድ ወጣት ቤት ተገኘ። ፖሊስ መረቡን በኤግዚቢትነት፣ ማለትም በማስረጃ ዕቃነት ይዞ፣ መዝገቡን አጠናቅሮ ወደ እኔ ላከው። የሰውዬውን ቃል ሳነበው ስለ መረቡ የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «የተገኘው መረብ የእኔ ነው» ይላል። ወጣቱ ደግሞ ከገበያ እንደገዛው ተናግሯል። አስጠራኋቸው፤ መረቡም በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጎ መጣ።

«አባቴ፣ ይህ መረብ የእርስዎ ለመሆኑ በምን ያውቁታል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ልጁን የማያውቅ አባት አለ?»

«ልጅዎን እርስዎ ያውቁታል። ዳኛው ግን በምን ይወቀው?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ከከረጢቱ የመረቡን ጠርዝ ስበው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ላይኛው ገመድ ላይ ለመንሳፈፊያ የታሰሩት ቁርጥራጮች ከአረንጓዴ ነጠላ ጫማ የተቆረጡ ነበሩ። «ይቺ የልጅ ልጄ ጫማ ናት። አንዱ እግር ቤት አለ፤ ግማሹን ቆርጬ ነው የተውኩት» አሉ። ቀጥለው ቋጠሮዎቹን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉ። «እኔ ግራኝ ነኝ። ቋጠሮዬ ወደ ግራ ነው የሚዞር። የሌላ ሰው መረብ አምጣና አስተያየው።»

መዝገቡ ተገኘ ማለት ያን ጊዜ ነው። በሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 38 የተሰጠኝን ሥልጣን ተጠቅሜ ለተጨማሪ ምርመራ መለስኩት፤ ፖሊስ ከቤታቸው የቀረውን ጫማ አምጥቶ ከመረቡ ቁርጥራጭ ጋር አገጣጠመ፤ የቋጠሮው ነገርም በቃላቸው ውስጥ ገባ። እኚያ አባት መጀመሪያ ቀን ይህን ሳይናገሩ የቀሩት ስለማያውቁት አልነበረም። የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ቃል ከመስጠትዎ በፊት አንድ ሰዓት ወስደው ያሰላስሉ፤ በወረቀት ላይም ያስፍሩት። ድርጊቱ በስንት ሰዓት ተፈጸመ? «ማታ» ከማለት «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ» ማለት ይሻላል። የት? የሰፈሩን ስም፣ ቀበሌውን፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም መንገድ በምን ያህል ርቀት እንደሆነ ይናገሩ። በምን ብርሃን አዩት? በጨረቃ፣ በመንገድ መብራት ወይስ በስልክ ባትሪ? ስንት እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ? ሰውየውን ከዚያ በፊት ያውቁት ነበር? ንብረት ከሆነ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ምልክት፣ የገዙበት ደረሰኝ፣ ፎቶግራፍ፣ የሞተር ቁጥር ካለ አንድም ሳይቀር ያስጽፉ። ሌላ ማን ነበር? ስሙንና ስልኩን ይዘው ይሂዱ። «ብዙ ሰው አይቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለመዝገቡ ምንም አይጨምርለትም።

አካላዊ ጉዳት ካለ ሕክምና ይቅደም። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሁን ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ወይም አቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ እንዴት እንደተጎዱ ለሐኪሙ በትክክል ይንገሩት፤ ምክንያቱም የሚጽፈው ማስረጃ መዝገቡ ውስጥ ይገባል። ደም የነካው ልብስ አይታጠብ፤ በደረቅ ወረቀት ጠቅልለው ለፖሊስ ያስረክቡ። በተለይ የአስገድዶ መድፈር ተጎጂ የሆነች እህት ወይም ልጅ ካለች ሰውነቷን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር ወደ ሐኪም እንድትደርስ ያድርጉ። ይህን ማለት እንኳ ከባድ ነው፤ ነገር ግን እነዚያን ሰዓታት በኋላ የሚመልሳቸው የለም።

ሦስተኛ፦ ሦስቱን ቁጥሮች ይያዙ

አንድ ጉዳይ ሦስት ቤት ያልፋል፤ በየቤቱም የተለየ ቁጥር ይሰጠዋል። የፖሊስ የምርመራ መዝገብ ቁጥር አለ፣ የዐቃቤ ሕግ መዝገብ ቁጥር አለ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር አለ። ባለጉዳዩ የፖሊሱን ይዞ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) ዘንድ ቆሞ «የለም» ተብሎ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ትንሽ ደብተር ይግዙ። ቁጥሮቹን፣ የመርማሪውን ስም፣ የተነገረዎትን ቀን ይጻፉበት።

ለዐቃቤ ሕግ አገልግሎት የሚከፈል ገንዘብ የለም። ክስ ለመመሥረትም፣ መዝገብ «ለማፋጠንም» የሚጠይቅዎት ሰው ካለ የሚጠይቀው ጉቦ ነው። ለተቋሙ ኃላፊ ያመልክቱ።

አራተኛ፦ ተጠርጣሪው በዋስ ቢወጣ አይደንግጡ

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ምክንያታዊ ጊዜ በዚህ አይታሰብም። ምርመራው ካላለቀ ፖሊስ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን መብለጥ የለበትም። በዚህ መካከል ተጠርጣሪው ዋስትና ሊፈቀድለት ይችላል። ይህ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ጥፋቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው፤ ዋስትናውም በቀጠሮው ቀን ይመጣል የሚል ማረጋገጫ ነው።

እርስዎ ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ። አንቀጽ 67 ዋስትና ከሚከለከልባቸው ምክንያቶች አንዱ ተጠርጣሪው ምስክሮችን ሊያባብል ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል የሚል ስጋት መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ የደረሰ ዛቻ፣ የተላከ የስልክ መልእክት፣ ወደ ምስክር ቤት የተላከ ሰው ካለ ለመርማሪውና ለዐቃቤ ሕጉ በጊዜው ያሳውቁ። ዋስትናው ከተፈቀደ በኋላ ቢከሰትም አዲስ ነገር ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሊያጤነው ይችላል። «ፈራሁት» ብቻ ብለው አይመለሱ፤ የዛተበትን ቀንና ያለውን ቃል እንዳለ ይድገሙት። በከባድ ወንጀሎች ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መኖሩንም ይወቁ።

አምስተኛ፦ ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ሲመረምር

ምርመራው ሲጠናቀቅ ፖሊስ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ያስተላልፋል። ከፊቱ ያሉት መንገዶች በአንቀጽ 38 ተዘርዝረዋል። ክስ ሊመሠርት ይችላል፤ በከባድ የሰው መግደልና በከባድ ውንብድና ቀዳሚ ምርመራ፣ ማለትም ከክርክሩ በፊት የምስክሮች ቃል በፍርድ ቤት የሚመዘገብበት ሂደት፣ እንዲደረግ ሊያዝዝ ይችላል፤ ለተጨማሪ ምርመራ ሊመልስ ይችላል፤ ወይም መዝገቡን ሊዘጋ ይችላል። ለመክሰስ ከወሰነ አንቀጽ 109 የክስ ማመልከቻውን መዝገቡ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲያዘጋጅ ይጠይቀዋል።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚሠራ ልንገርዎ፤ ከውጭ ለሚያየው ወረቀት ማገላበጥ ይመስላልና። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 መሠረት ወንጀል አለ የሚባለው ሕጋዊ (በሕግ መከልከሉ)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱ) እና ሞራላዊ (የአድራጊው ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት) ፍሬ ነገሮቹ በአንድነት ሲሟሉ ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ከሕጉ አንቀጽ ጋር እያስተያየ ይጠይቃል። በመረቡ ጉዳይ ለምሳሌ አንቀጽ 665 ስርቆትን ሲደነግግ ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ የሌላ ሰው የሆነ፣ የተወሰደ፣ የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት ታስቦ ይላል። መረብ ተንቀሳቃሽ ነው፤ አለቀ። የእኚያ አባት መሆኑን ጫማውና ቋጠሮው ያሳያሉ። ግን የወሰደው ይህ ወጣት ነው? ቤቱ መገኘቱ ሌሊት ከጀልባው ላይ ማውረዱን ያስረዳል? ሊያስረዳም ላያስረዳም ይችላል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ገዝቶት ከሆነ ወንጀሉ ስርቆት ሳይሆን በአንቀጽ 682 ያለው መሸሸግ ነው። እንዲህ ሲያጠራጥር አማራጭ ክስ፣ ማለትም ይህ ባይሆን ያኛው የሚል ክስ፣ ማቅረብ ይቻላል፤ እኔም ያደረግኩት ያንን ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለው በየመዝገቡ የሚሠራበት ቦታ ይህ ነው።

የክሱን ጽሑፍ ቅጂ ካገኙ ያንብቡት። የተከሳሹ ስም፣ ጊዜው፣ ቦታው፣ የተጎጂው ስም፣ የንብረቱ ዓይነትና ግምት፣ የተጣሰው አንቀጽ መኖር አለባቸው። ሰዓቱ ወይም የሰፈሩ ስም ተሳስቶ ካዩ ለዐቃቤ ሕጉ ቶሎ ይንገሩት፤ ክስ ማሻሻል የሚቻለው ጊዜው ሳያልፍ ነው። ይህን በማድረግዎ አያስቀይሙትም። እኔ ራሴ አንዲት ዓሣ ሻጭ እናት «ልጄ፣ እኔ የምሸጠው ከድልድዩ ወዲህ እንጂ ወዲያ አይደለም» ብለው አርመውኝ ያመሰገንኳቸው ጊዜ አለ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። «አያስከስስም» ሲባልስ?

በሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 42 ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ዋናው ተከሳሹን ጥፋተኛ ለማሰኘት የሚበቃ ማስረጃ አለመኖሩ ነው። በአንድ ወቅት የጀልባ ሞተር ሰርቋል ተብሎ የተያዘ ልጅ መዝገብ ዘጋሁ። የነበረው ማስረጃ አንድ የዓይን ምስክር ነው። ምስክሩ በቅንነት የሚናገር ሰው ነበር። ሌሊቱ ግን ጨረቃ የሌለበት ነበር፤ ምስክሩ የቆመበት ቦታ በደንገል የተጋረደ ነበር፤ ያየው ጀርባ ብቻ ነበር። «ኮቱን አውቀዋለሁ» አለኝ። ተመሳሳይ ኮት የለበሰ ሰው በዚያው ቀን ገበያ ላይ ስንት እንደነበረ አስቡት። የሞተሩ ባለቤት ተቆጡ፤ አልፈርድባቸውም፣ የቤተሰባቸው እንጀራ ነበር። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይኖራል ስንጥር ይባላል፤ መጠርጠር ለመርማሪ ተገቢ ነው። ዐቃቤ ሕግ ግን በጥርጣሬ ብቻ ሰው ይዞ ችሎት መቆም የለበትም። ያ ልጅ ጥፋተኛ ሳይሆን ተፈርዶበት ቢሆን ኖሮ ወህኒ የሚያሳልፈውን ዓመት ማን ይመልስለት ነበር? መዝገብ መዝጋት ሥራ መፍታት እንዳልሆነ፣ ከመክሰስ እኩል የዐቃቤ ሕግ ኃላፊነት እንደሆነ አምናለሁ።

ዐቃቤ ሕግ ሊሳሳት ግን ይችላል፤ ለዚህም ሕጉ መንገድ አበጅቷል። ውሳኔው ምክንያቱን ገልጾ በጽሑፍ መሆን አለበት። በቃል «ተዘግቷል» ቢባሉ አይቀበሉ፤ ጽሑፉን ይጠይቁ፤ የተቀበሉበትን ቀንም በደብተርዎ ላይ ይጻፉ። ጉዳዩ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ከሆነና የተዘጋው በማስረጃ ማነስ ከሆነ፣ ዐቃቤ ሕጉ እርስዎ ራስዎ የግል ክስ እንዲያቀርቡ በጽሑፍ ይፈቅድልዎታል። በሌሎቹ ወንጀሎች ደግሞ በአንቀጽ 44 መሠረት ውሳኔው በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ ክስ እንዲመሠረት ትእዛዝ ይሰጥልኝ ብለው ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላሉ። ለዐቃቤ ሕጉ የቅርብ ኃላፊ አቤቱታ ማቅረብም የተለመደ መንገድ ነው፤ ነገር ግን የኃላፊውን መልስ ሲጠብቁ 15ቱ ቀን እንዳያልቅ። በአቤቱታዎ ላይ ምሬትዎን ሳይሆን የቀረውን ማስረጃ ይጻፉ፤ ያልተሰማ ምስክር፣ ያልመጣ ሰነድ፣ ያልታየ ቦታ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለዎት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩል የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ።

ስድስተኛ፦ ሽማግሌ ሲመጣ

በእኛ አገር ወንጀል ተፈጽሞ ሽማግሌ ሳይመጣ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። በጣና ዙሪያ በተለይ የሰው ሕይወት ሲጠፋ ደም ማድረቅ የሚባለው ዕርቅ ገዳይንና የሟችን ቤተሰብ ካላስታረቀ በቀል ትውልድ ይሻገራል። ይህን ሥርዓት አከብራለሁ። ፍርድ ቤት የማይደርስበት ቁስል ላይ ይደርሳል። ነገር ግን ዐቃቤ ሕጉ ከዕርቁ በኋላም ክሱን ሲቀጥል «እኛ ታርቀናል፣ እሱ ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። የሚያገባው ሕጉን ስለሚጠብቅ ነው። በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ጉዳይ ከሆነ አቤቱታዎን በማንሣት ሊዘጋ ይችላል። ስርቆት፣ ውንብድና፣ ሰው መግደል ግን በቤተሰቦች ስምምነት አይቆሙም። ተከሳሹ መጸጸቱና ካሳ መክፈሉ ቅጣት ለማቅለል ይታይለታል፤ የዕርቁን ሰነድ ቅጂ ለዐቃቤ ሕጉ ይስጡት፣ በጊዜው ያቀርበዋል።

አደገኛው ነገር በዕርቁ ውስጥ «ምስክሮች አፋቸውን ይያዙ» የሚል ቃል ሲገባ ነው። ብዙ ጠንካራ መዝገቦች የሞቱት በዚህ ነው። ምስክሩ ለፖሊስ በዝርዝር የሰጠውን ቃል ችሎት ቀርቦ «አላየሁም» ይላል፤ ምሎ ነው የሚናገረውና በሐሰተኛ ምስክርነት ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን የተቀበለው ሌላ፣ የሚታሰረው ምስክሩ። ሽማግሌዎችን በትሕትና ይለምኗቸው፤ «ዕርቁን ተቀብያለሁ፣ ምስክሮቼ ግን ያዩትን ይናገራሉ» ይበሉ። ቅን ሽማግሌ ይህን አይከለክልም።

ሰባተኛ፦ የምስክርነቱ ቀን

ተከሳሹ ክሱ ተነብቦለት ከካደ ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃውን ያሰማል። ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ የሚመጣ ምስክር ካለዎት ጀልባ ጠብቆ እንደሚመጣ ለዐቃቤ ሕጉ አስቀድመው ይንገሩት፤ ቀጠሮ ሲያዝ ያስታውሰዋል። ምስክር ባለመቅረቡ የሚዘገይና የሚዳከም መዝገብ እጅግ ብዙ ነው። አድራሻ ወይም ስልክ ከቀየሩ ያሳውቁ፤ መጥሪያው የሚሄደው መዝገቡ ላይ ወዳለው ነው።

ችሎት ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ በዋና ጥያቄ ሲጠይቅዎ መልሱን አይነግርዎትም። መሪ ጥያቄ ማቅረብ ስለተከለከለ ነው። «ተከሳሹ መረቡን ሲያወርድ አይተሃል አይደል?» ማለት አይችልም፤ «በዚያ ሌሊት ምን አየህ?» ነው የሚለው። ባለጉዳዮች ይህን ባለማወቃቸው «ሊረዳኝ አልፈለገም» ይላሉ። ያዩትን በቅደም ተከተል ይናገሩ፣ የሰሙትን ከሌላ እንደሰሙት ይናገሩ፣ የማያውቁትን «አላውቅም» ይበሉ። ቀጥሎ የተከሳሹ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ ይመጣል፤ ሥራው ነውና አይናደዱ። መልስዎን ለጠበቃው ሳይሆን ለዳኛው ይስጡ። ቃሉን እንደ ጸሎት በቃል አጥንቶ የመጣ ምስክር ወዲያው ይታወቅበታል፤ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይፈርሳል።

የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካለቀ በኋላ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል። የቀረበው ማስረጃ ተከሳሹን መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ካልሆነ በሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 141 ነጻ ይሰናበታል፤ ከሆነ ይከላከል ይባላል።

ስምንተኛ፦ ካሳ፣ ይግባኝና የተያዘ ንብረት

ካሳ ለመጠየቅ ሌላ ፋይል መክፈት የግድ አይደለም። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 154 ተጎጂው በዚያው የወንጀል ችሎት፣ ክርክሩ ሲጀመር ካሳ እንዲወሰንለት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ደረሰኞችዎን፣ የሕክምና ወጪዎን፣ ከሥራ የቀሩበትን ቀን ማስረጃ አዘጋጅተው ዐቃቤ ሕጉን በጊዜ ያማክሩት፤ መጨረሻ ላይ ቢጠይቁ ጊዜው አልፏል።

ተከሳሹ ነጻ ቢወጣ ወይም ቅጣቱ ቢያንስብዎ ይግባኝ የሚለው ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ እርስዎ በራስዎ ስም አይደለም። የይግባኝ ማስታወቂያው በ15 ቀን ውስጥ፣ የይግባኙ ማመልከቻም የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ ፍርዱ በተነበበ ማግስት ሄደው ይጠይቁት፣ ለምን እንደማይስማሙም በአጭሩ ጽፈው ይስጡት። ሳምንት ማሳለፍ የለብዎትም።

በኤግዚቢትነት የተያዘ ንብረትዎን ነገር አይርሱት። ፍርዱ እስኪሰጥ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እኚያ ዓሣ አጥማጅ ወጣቱ ከተፈረደበት በኋላ መረባቸውን ሲረከቡ መጋዘን ውስጥ አይጥ በሦስት ቦታ በልቶት ነበር። መሬት ላይ ዘርግተው ሲያዩት ምንም አላሉም፤ ኪሳቸው ውስጥ ከያዙት ክር አውጥተው እዚያው ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለው በግራ እጃቸው መቋጠር ጀመሩ። ያን ቀን እኔም አንድ ነገር ተማርኩ። የሚበላሽ ወይም የዕለት እንጀራዎ የሆነ ዕቃ ከተያዘ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ዝርዝሩ ተመዝግቦ፣ ሲጠየቁ ሊያቀርቡት ፈርመው እንዲረከቡት በጽሑፍ ይጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ የተቀበለው ሰው ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ይኑርበት።